የምእመናን የሃይማኖት ትምህርትና የጥቂቶች ጉባኤ

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት የካህናት ብቻ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የእያንዳንዱ ክርስቲያን ጉዳይ ነው። ክህነት የሌለው፣ በመሥሪያ ቤት፣ በንግድ ወይም በእጅ ሥራ የሚተዳደር ምእመን የሚያምነውን ሃይማኖት እንዴት ይማር? ከማንስ ጋር ይማር? ጥያቄው ይህ ነው።

አንድ ጠንቃቃ የመንግሥት ሠራተኛ ዶሴ በቀረበለት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ከመፈረሙ በፊት ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይመረምራል፤ አዋጁን ያገላብጣል፤ ደንቡን ያመሳክራል፤ የሚያጠራጥረው ነገር ቢያገኝ ከእርሱ የሚበልጥ ዐዋቂ ይጠይቃል። ያልገባውን ቢፈርም ነገ ተጠያቂ እንደሚሆን ያውቃልና። ይኸው ሰው ግን በሰንበት ቆሞ ጸሎተ ሃይማኖትን ከሕዝቡ ጋር ሲደግም፣ ስለሚናገረው ቃል የዶሴውን ያህል እንኳ አይጠይቅም። ሃይማኖቱን እንደ አባቱ ስም ወርሶታል፤ እንደ አባቱም ስም ሳይመረምር ይጠራዋል።

የዚህ ቸልታ ዋጋ የሚከፈልበት ቀን ግን መምጣቱ አይቀርም። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «እግዚአብሔር አንድ ከሆነ እንዴት ሦስት ይባላል?» ብሎ ይጠይቀዋል። አባት «ዝም በል፤ ይህ አይጠየቅም» ብሎ የመለሰለት እንደ ሆነ፣ ልጁ በዚያች ሰዓት ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው አባቱ እንደማያውቅ ነው፤ ሁለተኛው ሃይማኖት ጥያቄን የሚፈራ ነገር እንደ ሆነ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሁለተኛው ሐሰት ነው። ነገር ግን ልጁ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው አብሮ ይዞአቸው ያድጋል።

ሌላም ቀን ይመጣል። በቤት ውስጥ ደዌ ይገባል፤ ወይም ሐዘን ይወድቃል። በዚያን ጊዜ በእግዚአብሔር ስም ፈውስን በገንዘብ የሚያስማማ፣ ትንቢትን እንደ ሸቀጥ የሚያቀርብ ሰው በሩን ያንኳኳል። ዛሬማ በር ማንኳኳትም አያሻውም፤ በየእጃችን በያዝነው ስልክ ድምፁም መልኩም ይደርሰናል። የሚሰማውን ቃል የሚመዝንበት ሚዛን ያልያዘ ምእመን በዚህ ጊዜ የሚከተለው እውነተኛውን ሳይሆን ጮኾ የሚናገረውን ነው። ስለዚህ ምእመንን ማስተማር ለዕረፍት ጊዜ የሚቀመጥ ጌጥ አይደለም፤ ቤትን ከነፋስ የሚያድን አጥር ነው።

በሐዋርያት ሥራ በ8ኛው ምዕራፍ የተጻፈው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ታሪክ በአገራችን ያልሰማው የለም። ሆኖም በታሪኩ ውስጥ በተለይ እኛን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ሰውዬው ካህን አልነበረም፤ የንግሥቲቱ የግምጃ ቤት ኀላፊ፣ በዛሬው አነጋገር የመንግሥት ባለሥልጣን ነበረ። በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ አልተቈጣም፤ በሹመቱም አልተኵራራም። የሚመራው ሳያገኝ እንዴት ሊገባው እንደሚችል መልሶ ጠየቀና ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አውጥቶ ከአጠገቡ አስቀመጠው። እንግዲህ በዚያ ሠረገላ ውስጥ ለምእመናን ትምህርት የሚያስፈልጉት ሦስቱ ነገሮች ተገናኝተዋል፤ መጽሐፍ አለ፤ የሚመራ መምህር አለ፤ ጐን ለጐን ተቀምጦ መጠየቅና መመለስ አለ። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ትምህርቱ ይሰናከላል።

አንዳንድ ሰዎች «ትርጓሜ የሊቃውንት ነው፤ ለእኛ መስማት ይበቃናል» ይላሉ። አነጋገሩ የትሕትና መልክ አለው፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። ከሁለተኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ የታወቀው የእስክንድርያ የትምህርት ቤት ጰንጠኖስን፣ ቀሌምንጦስንና አርጌንስን የመሳሰሉ መምህራን ያስተማሩበት ነው። በአራተኛው ምእተ ዓመት ይህን ትምህርት ቤት ከመሩት አንዱ ዲዲሞስ ነው። ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዓይኑ የታወረ፣ ከዚህም ጋር ክህነት ያልነበረው ምእመን ነበረ። በመስማትና በማስታወስ ብቻ ተምሮ ሊቅ ሆነ። ለዚህ ኀላፊነት የመረጠው ደግሞ ታላቁ አትናቴዎስ ነው፤ ይኸውም ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው አባት ነው። የእኛን የመጀመሪያ ጳጳስ የሾመች እጅ አንድ ዕውር ምእመንን በመምህራን ወንበር ላይ ያስቀመጠች እጅ ናት። ዓይን ያለንና ፊደል የቈጠርን ሰዎች ከዚህ በኋላ የምናቀርበው ምክንያት ምን ይሆን?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንመልከት። ኢትዮጵያ የሃይማኖትን ትምህርት ከሌላ የምትለምን አገር አይደለችም። ከንባብ ቤት እስከ ዜማ ቤት፣ ከቅኔ ቤት እስከ መጻሕፍት ቤት የተዘረጋው ሥርዓት በዘመናት የጸና ነው። በመጻሕፍት ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት በአራት ጉባኤ ይተረጐማሉ። መምህሩ የግእዙን ንባብ ይዞ በአማርኛ ይተረጕማል፤ አንዱን ፍቺ ካስረዳ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። አንድምታ የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ደቀ መዛሙርቱ ከጉባኤው ሲወጡ እርስ በርሳቸው ተሰብስበው የሰሙትን ይከልሳሉ፤ የቀደመው የኋለኛውን ያቀናል።

ዳሩ ግን ይህ ትምህርት የሰውን ሙሉ ዕድሜ ይጠይቃል። ተማሪው ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከደጅ ደጅ እየለመነ ዓመታት ያሳልፋል። ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ጠዋት በሰዓቱ ገብቶ የሚፈርም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይህን ሊያደርግ አይችልም። በአዲስ አበባ ያሉት የቅድስት ሥላሴም ሆነ የመካነ ኢየሱስ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ሁሉን ምእመን ይቀበሉ ዘንድ አይቻላቸውም፤ የተቋቋሙትም በተለይ አገልጋዮችን ለማዘጋጀት ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ጥልቅ የሆነ የእውቀት ጕድጓድ አለን፤ በሌላ ወገን የተጠማ ሕዝብ አለን፤ የጐደለን ገመዱና መቅጃው ነው።

መቅጃው ግን እሩቅ አይደለም። ጽዋ ማኅበርን ልብ እንበል። ጥቂት ቤተ ዘመድ፣ ጐረቤትና ወዳጅ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም ወይም በ29 በበዓለ ወልድ በየወሩ በተራ ይገናኛሉ። ሙሴ አላቸው፤ ደንብ አላቸው፤ የቀረውን ይጠይቃሉ፤ የታመመውን ይጐበኛሉ፤ ያዘነውን ያጽናናሉ። አንዱ ላንዱ የሚታመንበት እንዲህ ያለ ጉባኤ ስንት አገር ያለ ይመስላችኋል? ችግሩ ጽዋው ይዞራል፤ ዳቦው ይቈረሳል፤ መጽሐፉ ግን ብዙ ጊዜ አይገለጥም። ካህኑ ጸልዮና ባርኮ ከተነሣ በኋላ ጨዋታው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሹም ሽር ይሆናል። መጻሕፍት ቤቱ ከማኅበሩ ጋር ቢገናኝ፣ ይኸውም የአንዱ ጥልቀት ከሌላው ወዳጅነት ጋር ቢጋባ፣ የምንፈልገው ትምህርት ከራሳችን ቤት ይወለዳል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

መጽሐፉ በሚገባን ቋንቋ የለም የሚለው ምክንያትም ካለፈ ቆይቷል። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ሆኖ ወደ አማርኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ መላው በ1840 ታትሟል። በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተዘጋጀው የ1954 ዓ.ም. ትርጕም ደግሞ እስከ ዛሬ በብዙ ቤት ይገኛል። በብዙ ቤት መደርደሪያ ላይ ተሸፍኖ መገኘቱ የአሳታሚው ጥፋት አይደለም።

በሌላው ዓለም የሆነውንም ለምሳሌ ያህል ላስታውስ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1742 በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የጆን ዌስሊ ተከታዮች ለጉባኤ ቤታቸው ሥራ የገቡትን ዕዳ ለመክፈል ይመካከሩ ነበር። ምእመናኑን ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት አድርገው ከፈሉና በየክፍሉ አንድ ሰው ሾሙ፤ ሹሙ በየሳምንቱ ከያንዳንዱ አንዳንድ ፔኒ እንዲሰበስብ ነበር። ሰብሳቢዎቹ ከቤት ቤት ሲዞሩ ግን ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር አገኙ፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን እንደ ደከመ፣ ማን በመጠጥ እንደ ተሸነፈ ዐወቁ። ዌስሊም ይህን አይቶ ክፍሎቹ በየሳምንቱ እየተገናኙ ስለ ነፍሳቸው እንዲነጋገሩና እንዲመካከሩ ሥርዓት አደረገ። ከሂሳብ የተወለደው ብልሃት የብዙ ሺህ ተራ ሠራተኞች ትምህርት ቤት ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ ለዘመናችን የቀረበ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1963 በመካከለኛው አሜሪካ በጓቲማላ የሚገኘው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አንድ ችግር ገጠመው። በየገጠሩ ምእመናንን በተግባር የሚመሩት ሰዎች ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና ባለቤተሰቦች ነበሩ፤ እነርሱ ደግሞ ሥራቸውንና ልጆቻቸውን ትተው በትምህርት ቤት ሊያድሩ አይችሉም። ስለዚህ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት መሄዱ ቀርቶ ትምህርት ቤቱ ወደ ተማሪው ይሂድ ተባለ። ለየዕውቀታቸው ደረጃ የሚስማማ የመልመጃ መጽሐፍ ተዘጋጀላቸው፤ ሳምንቱን በየቤታቸው አጠኑት፤ መምህሩም በየአውራጃው በተወሰነ ቦታ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ በጥቂት በጥቂቱ ሰብስቦ ያወያያቸው ጀመር። በዚያ ስብሰባ መምህሩ ትምህርቱን እንደ አዲስ አያነበንብም፤ ያነበቡትን ከኑሮአቸው ጋር እያገናኙ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ። ይህ አሠራር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በላቲን አሜሪካ፣ በእስያና በአፍሪካ ተሠራጨ። የኀይሉ ምሥጢር ቀላል ነው፤ ሰው ያነበበውን በማግስቱ በሥራው ላይ ይፈትነዋል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ያገኘውን ይናገራል።

በአገራችንም የጥቂቶች ጉባኤ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በመከራ ቀን ታይቷል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ታሰሩ። በዚያን ጊዜ አባሎቿ 5,000 ያህል ነበሩ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጽሐፍ ቅዱስን ያጠኑና ይጸልዩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በግልጥ በተሰበሰቡ ጊዜ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። ሕንፃው ሲዘጋ ጉባኤው አልተዘጋም፤ ምክንያቱም ትምህርቱ ከመድረክ ወርዶ በየቤቱ ገብቶ ነበር። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ያሉትን ተማሪዎች በግቢ ጉባኤ እያሰባሰበ፣ ሕክምናና ምሕንድስና ከሚማሩበት ሰዓት ተርፎ የሃይማኖታቸውን ትምህርት እንዲማሩ አድርጓል። የሁለቱ ቤቶች ሥርዓትና ትምህርት የተለያየ ነው፤ ይህን አንድ ነገር ግን ሁለቱም ይመሰክራሉ። የሥራና የትምህርት ሸክም ያለበት ሰው ሰዓት ወስኖ ከጥቂቶች ጋር ከተቀመጠ ይማራል።

አሁን ስለ አደጋውም መናገር ይገባኛል፤ አለመናገር ማታለል ይሆናልና። መምህር የሌለው ጉባኤ በቶሎ ወደ ሁለት ገደል ይወድቃል። አንዱ ገደል እያንዳንዱ «ለእኔ እንዲህ ይመስለኛል» እያለ ከመጽሐፉ ይልቅ ራሱን የሚያነብበት ነው። ሁለተኛው ገደል አንደበተ ርቱዕ የሆነ አንድ ሰው ጉባኤውን ወርሶ ሌሎቹን አድማጭ የሚያደርግበት ነው፤ ከዚያ በኋላ መለያየት ይመጣል። ይህን የሚፈሩ አባቶች በከንቱ አልፈሩም። ነገር ግን የአደጋው መድኃኒት መጽሐፉን መዝጋት አይደለም፤ መምህሩን መጥራት ነው። አለማወቅ ከስሕተት ጠብቆ አያውቅም፤ የስሕተት መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ያልተማረውን ነውና።

እዚህ ላይ የአንድምታ ሊቃውንት ያወረሱን ሥርዓት ታላቅ ትምህርት ይሰጠናል። «አንድም» የምትለዋ ቃል ሁለት ነገር በአንድነት ትጠብቃለች። በአንድ በኩል ከመጀመሪያው ፍቺ ሌላ ሁለተኛ ፍቺ ሊኖር እንደሚችል ትፈቅዳለች፤ ስለዚህ ሰው በሰው ላይ አይቈጣም። በሌላ በኩል እያንዳንዱ ፍቺ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈ እንጂ በዚያች ሰዓት የተፈጠረ አለመሆኑን ታሳስባለች፤ ስለዚህ ሰው እንደ ወደደ አይናገርም። የልዩነት ትዕግሥትና የእውነት ጥንቃቄ በአንዲት ቃል ተገናኝተዋል። በየመሥሪያ ቤቱ በምናደርገው ስብሰባ ይህች ቃል ብትለመድ ብዙ ጠብ በቀረ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሰው «እሺ፣ ከየት ልጀምር?» ቢል የሚከተለውን እመክረዋለሁ።

በመጀመሪያ ከ7 የማያንሱ ከ12 የማይበልጡ ሰዎች ይሰብሰቡ። ከዚያ ያነሱ እንደ ሆነ አንዱ ሲቀር ጉባኤው ይፈታል፤ የበለጡ እንደ ሆነ ዓይን አፋሩ ሳይናገር ይቀራል። ባልና ሚስት አብረው ቢገቡ መልካም ነው፤ ልጆች የሚሰሙት ወሬ ያን ጊዜ ይለወጣልና። ጽዋ ማኅበር ያላቸው ሰዎች አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያሻቸውም፤ ባለው ላይ አንድ ሰዓት መጨመር ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩን ለየቤተ ክርስቲያናቸው አስተዳዳሪ ያስታውቁ፤ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣላቸውና የሚጠይቁት የታወቀ መምህር ይለምኑ። በሌሎቹ ሳምንታት ያልተፈታ ጥያቄ ሲነሣ በግምት አይፍቱት፤ በመዝገብ ይጻፉት፤ መምህሩ በመጣ ጊዜ በተራ ያቅርቡለት። መዝገብ መያዝ ለመንግሥት ሠራተኛ አዲስ ሥራ አይደለም። አንድ ዓመት የተጻፈው መዝገብ ምን ያህል እንደ ተማሩ ይመሰክራል፤ መምህሩም ሕዝቡ የሚቸገርበትን ነገር ከዚያ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ከዚህም ከዚያም ጥቅስ እየለቀሙ ከመከራከር አንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብቡ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት አንድ ምዕራፍ ቢነበብ በአራት ወር ያልቃል። ምዕራፉን እያንዳንዱ በቤቱ አንብቦ ይምጣ፤ በጉባኤውም አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ በተራ ይጠየቅ። ቃሉ ምን ይላል? አባቶች እንዴት ተረጐሙት? እኛስ በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ? ሦስተኛው ጥያቄ የተዘለለ እንደ ሆነ ጉባኤው የወሬ ጉባኤ ይሆናል። ጉዳይ ለማስፈጸም የመጣችን መበለት «ነገ ነይ» እያለ የሚያመላልስ ሠራተኛ ስለ ምሕረት ቢያነብና በማግስቱ እንደ ልማዱ ቢያመላልሳት፣ ምዕራፉን አንብቦታል እንጂ አልተማረውም።

አራተኛ፣ ድግሱ ይቅር፤ ሻይና ቈሎ ይበቃል። ብዙ ማኅበር የፈረሰው በእምነት ማነስ ሳይሆን በድግስ ብዛት ነው። አንዱ በግ ሲያርድ ሌላው ከእርሱ ላለማነስ ይበደራል፤ ሦስተኛው ደመወዙ አልበቃ ብሎት ተራው ሳይደርስ ይቀራል። የእግዚአብሔር ቃል የሚነበብበት ቤት የድኻው ቤት ለመሆን መቻል አለበት።

አምስተኛ፣ ንባቡና ሰብሳቢነቱ በተራ ይሁን። ሹሙና ጸሐፊው፣ ዲግሪ ያለውና በማታ ትምህርት ፊደል የቈጠረችው እናት በአንድ ጉባኤ እኩል ይቀመጡ። ስለ ሐዘን የተጻፈውን ምዕራፍ ከማንም ይልቅ ያዘነችው ሴት ልታብራራው ትችላለች፤ ይህም ምስክርነት ከመምህሩ ትርጓሜ ጋር ሲጨመር ነው ትምህርቱ የሚሞላው።

«ጊዜ የለንም» የሚለው ምክንያት ይቀራል። የሳምንቱ ሰዓት 168 ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ለጉባኤው፣ ሌላ አንድ ሰዓት በቤት ለማንበብ ቢሰጥ፣ የቀረው 165 ሰዓት ተኩል ለሥራውም፣ ለእንቅልፉም፣ ለጨዋታውም ይበቃል። ሰው የሚያጣው ሰዓት ሳይሆን ብቻውን ሲሆን ጽናት ነው። ብቻውን ሊያነብ የወሰነ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይደክማል፤ የሚጠብቁት ወንድሞች ያሉት ግን እየደከመውም ይሄዳል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ነገር እውነት ሆኖ ይገኛል።

አድማጮቼ ሆይ፤ ለልጆቻችን የምናወርሰው ቤትና መሬት ሊኖር ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። ሃይማኖትን ግን ሁላችንም እናወርሳለን፤ ወይ ገብቶን፣ ወይ ሳይገባን። ሳይገባን ያወረስነው በመጀመሪያው ጥያቄ ከልጆቻችን እጅ ይወድቃል፤ ገብቶን ያወረስነው ግን ጥያቄ በመጣ ቊጥር ይጸናል። በዚህ ሳምንት ከወዳጆቻችሁ ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ ጋር ስለዚህ ነገር ብትነጋገሩ፣ የሚሰበሰቡበትን ቤት፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብትወስኑ፣ መምህሩንም ብትጠይቁ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

እግዚአብሔር ማስተዋልን ያድለን።